ሃምሳ ደቂቃ ለአንዲት ትንሽ ዶሮ

ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሰበታ

ለተከበሩ አቶ ዘውዱ
የጮራ የጋራ ግቢ ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀ መንበር

ጉዳዩ፦ ለእሑድ ቀን ሃምሳ ደቂቃ ያልተቋረጠ መብራት ስለ መጠየቅ

የተከበሩ ሊቀ መንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። በዚህ ዝናብና ብርድ ጉንፋን እንዳይነካዎ፣ ጉልበትዎም ማስታወቂያ ለመለጠፍ ወደ ጥበቃ ቤቱ በር ደጋግሞ መመላለሱን እንዲችልልዎ እመኛለሁ። በጓሮዎ ያሉት ሁለት መቶ ጫጩቶች ደኅና መሆናቸውን ከድምፃቸው፣ እንደ ሞቃቸው ደግሞ በቤታቸው ስንጥቅ ከሚታየው ቀይ ብርሃን ስለምረዳ ስለ እነሱ አልጠይቅም።

እኔ የቤት ቁጥር 7 ነዋሪ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ፊዚክስ አስተምሬ በጡረታ የተገለልሁት ወንዳፍራሽ ነኝ። ይህን ደብዳቤ እርስዎ ማስታወቂያ በሚለጥፉበት በር ላይ መለጠፌ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ አደራ እላለሁ። ጉዳይን በአደባባይ መጨረስ ከእርስዎ የተማርሁት ነው።

ጉዳዩን በከፊል ብቻ ለሰሙ ጎረቤቶች ከመነሻው ላስረዳ። በግቢያችን አሥራ አንድ ቤቶች አሉ፤ የየራሳችን ቆጣሪ እስኪገባልን ድረስ ሁላችንም በአንድ ቆጣሪ እንጠቀማለን። በግንቦት መጨረሻ የሁሉም ቤት ምጣድ፣ ማሞቂያና ካውያ በአንድ ሰዓት ተሰክቶ ዋናው ፊውዝ ተቃጠለና ሁለት ቀን ያለ መብራት ተቀመጥን። ኮሚቴዎም ከአምስት መቶ ዋት በላይ የሚስብ ዕቃ ሁሉ በተራ ብቻ እንዲሠራ ወሰነ፤ ለእንጀራ ምጣድ በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን፣ ለሌላው ማብሰያና ማሞቂያ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ። ሠላሳው ደቂቃ ሲሞላ የግቢያችን ጥበቃ ኦቦ ጃራ የባለ ተራውን መስመር ያጠፋሉ። ውሳኔው በመልካም ሐሳብ እንደ ተወሰነ አልጠራጠርም። ፊውዝ እንዲቃጠል የሚፈልግ ሰው በግቢያችን የለም፤ እኔም እንዲያ ያለ ሰው ሆኜ አልጽፍም።

በዘንድሮው ፋሲካ ልጄ ሩቲ ከምትሠራበት ከዱከም ኤር ፍራየር ይዛልን መጥታ ነበር። ዕቃው ትኩስ አየር በማራገቢያ እያዞረ ያለ ዘይት የሚያበስል፣ ቁመቱ ከውሃ ባልዲ የማይበልጥ ነው። ቅርጫቱ ጠባብ ስለሆነ ትልቅ ዶሮ አይገባበትም፤ ዘጠኝ መቶ ግራም የምትመዝን ትንሽ ዶሮ ግን ክንፏ ታጥፎ፣ እግሯ በክር ታስሮ፣ ሙሉዋን ልክክ ብላ ትገባለች። አሠራሩን ሦስት ጊዜ ሞክሬ በደብተር መዝግቤዋለሁ። ዶሮዋ በሎሚና በጨው ትታጠባለች፤ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ እስክትደርቅ ትታበሳለች፤ እርጥብ ቆዳ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስምና። በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በጨውና በተከተፈ የጥብስ ቅጠል ውስጧም ውጭዋም ይታሻል። በመቶ ሰማንያ ዲግሪ ደረቷ ወደ ታች ሆኖ ሠላሳ ደቂቃ፣ ተገልብጣ ደግሞ ሃያ ደቂቃ ትቆያለች። መጨረሻ ላይ ታፋዋ አጥንቱ ድረስ ሲወጋ የሚወጣው ፈሳሽ ቀይ መሆን የለበትም። ሠላሳና ሃያ ሃምሳ ነው። በዚህ ድምር ከኮሚቴው ጋር የምንለያይ አይመስለኝም።

ከዚህ ቀጥሎ ለኮሚቴው ያለኝን ምስጋና በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

1ኛ. ተራው በዕጣ በተደለደለበት ቀን እኔ ባለቤቴን ወ/ሮ አረጋሽን ይዤ ጤና ጣቢያ ነበርሁ። የለም ብለው ሳይረሱኝ ረቡዕንና ዓርብን ስላወጡልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። እርስዎ በቅዳሴ ጊዜ ሁልጊዜ ከእኔ ሁለት ረድፍ ቀድመው የሚቆሙ ሰው ስለሆኑ፣ በረቡዕና በዓርብ ዶሮ የማይበላበትን ምክንያት ለእርስዎ ማስረዳት ለእኔ ድፍረት ይሆንብኛል። ይህንኑ በአካል መጥቼ ባመለከትሁ ጊዜ «ታዲያ ድንች ይጥበሱበታ መምህር! ዕቃው ዶሮ ካልሆነ አልሠራም ይላል እንዴ?» ብለው በኮሚቴው አባላት ፊት አስቀውብኛል። እኔም ምክርዎን ተቀብዬ በረቡዕ ድንች ጠበስሁ። ድንቹ በሃያ ሁለት ደቂቃ በሰለ፤ ስምንት ደቂቃ ተረፈኝ። የተረፈችኝን ስምንት ደቂቃ ወደ እሑድ ማስተላለፍ ይቻል እንደሆነ ብጠይቅ፣ በመመሪያው ቁጥር 6 መሠረት ደቂቃ እንደማይጠራቀም ተነገረኝ። ጊዜ እንደማይጠራቀም በሙያዬ አውቅ ነበር፤ በመመሪያ መደንገጉን ግን ገና አሁን ተማርሁ።

2ኛ. የኮሚቴው ሰዓት አክባሪነት በአገራችን ብዙ ያልተለመደ ስለሆነ ሳላመሰግነው አላልፍም። ጎረቤቴ ወ/ሮ ራዲያ፣ የባለ ሱቁ የአቶ ከድሩ ባለቤት፣ ችግሬን ሰምታ የእሑድ የስድስት ሰዓት ተራዋን ለቀቀችልኝ። ዶሮዋን የማርደው እኔ ስለሆንሁ እሷ እንደማትቀምሳት ሁለታችንም እናውቃለን፤ ምንም ለማልሰጣት ሰው ውለታ መቀበል ከብዶኝ በሯ ላይ ስመነታ «ኧረ ጋሼ፣ የሚታረደው ዶሮው እንጂ ደቂቃው አይደለም፤ ይውሰዱት!» ብላ ሸኘችኝ። እነሆ ሐምሌ 6 ቀን፣ የሐዋርያት ጾም በተፈታ ማግስት፣ ልክ በስድስት ሰዓት ዶሮዋን አስገባሁ። በሠላሳኛው ደቂቃ ገልብጬ ቅርጫቱን መልሼ እንደ ገፋሁት ማራገቢያው ተነፈሰና ዝም አለ። በስድሳ ስምንት ዓመቴ እየሮጥሁ ወጣሁ። ኦቦ ጃራ አንድ እጃቸውን ማጥፊያው ላይ፣ ሌላውን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጠበቁኝ። «ማሎ፣ እባክዎ መምህር፣ እኔ ላይ አይፍረዱ። ሰዓቱን እይ ተባልሁ እንጂ ድስቱን እይ አልተባልሁም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም አልፈረድሁባቸውም።

ዶሮዋ ከላይ አምሮባት ነበር፤ ታፋዋን ስወጋው ግን ደም መጣ። ሙቀት ወደ አጥንት የሚደርሰው በመጨረሻ ነውና። በግማሽ የበሰለ የዶሮ ሥጋ እስከ ሌላ ተራ አስቀምጦ እንደገና ማብሰል በሽታ መጋበዝ ስለሆነ፣ የግቢው ውሻ በላት። እሱ ደስ ብሎታል፤ ምስጋናውን በዚሁ አጋጣሚ አስተላልፋለሁ። አረጋሽ ግን እጇን ታጥባ፣ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ ነበር። አርባ ደቂቃ ጠበቀች። ከዚያ «በቃ ተወው፤ ስለ እኔ ብለህ ከሰው አትጣላ» ብላ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች። እኔም እስከ ዛሬ ድረስ፣ ይህችን ደብዳቤ ስጽፍ እንኳ ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ማጥፊያው ጠፍቶ እንደሆነ አይቼ ተመልሻለሁ። ተቀምጬ መቆየት አቅቶኛል።

3ኛ. በመመሪያው አርቃቂዎች ጥበብ ላይ ያለኝን አድናቆት ልግለጽ። መመሪያው የሚከለክለው ከአምስት መቶ ዋት በላይ የሚስብን አንድ ዕቃ ነው። በጫጩት ቤትዎ ውስጥ ያሉት አራት ማሞቂያ አምፖሎች እያንዳንዳቸው ሁለት መቶ ሃምሳ ዋት ስለሆኑ ተራ አያስፈልጋቸውም፤ ቀንና ሌሊት ይበራሉ። አራቱ በአንድነት አንድ ሺህ ዋት እንደሚሆኑ መመሪያው አይጠይቅም፤ እኔም ልማድ ሆኖብኝ ደመርሁ እንጂ ማንም ደምር አላለኝም። አንድ ሺህ ዋት በቀን ሃያ አራት ሰዓት፣ ጫጩት መሞቅ ለሚያስፈልገው ሃያ አንድ ቀን፣ አምስት መቶ አራት ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ለሁለት መቶ ጫጩት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ሁለት ተኩል ገደማ ይደርሰዋል። የእኔ ኤር ፍራየር አንድ ሺህ አምስት መቶ ዋት ነው፤ በሃምሳ ደቂቃ አንድ ከሩብ ይወስዳል። ከእርስዎ የማልደብቀው ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ትናንሾቹን ዶሮዎች የምገዛው ከእርስዎው ከጓሮዎ ነው። ስለዚህ ያቺው ዶሮ በሕይወት ሳለች ያለ ተራና ያለ ጥበቃ የሞቀችበት መብራት፣ ከታረደች በኋላ ለመብሰል ከምትለምነው እጥፍ ነው ማለት ነው። ስሌቱ ላይ ስሕተት ካገኙ በቀይ እስክሪብቶ ቢያርሙልኝ ደስ ይለኛል።

ጫጩቶቹ አይሙቁ ማለቴ አይደለም። ያለ ሙቀት ይሞታሉ፤ ይህንንም አውቃለሁ። ማለት የፈለግሁት፣ ሳይሞቅና ሳይበላ የማይኖረው ጫጩት ብቻ አይደለም ነው።

4ኛ. ከሁሉም በላይ የማመሰግነው ከዚያ እሑድ በኋላ ላስገባሁት የተጨማሪ ጊዜ አቤቱታ በጽሑፍ ለሰጡኝ መልስ ነው። አቤቱታ ሲያስገቡ መልስ የሚያገኝ ሰው ዕድለኛ ነው፤ እኔ ደግሞ በሦስተኛው ቀን፣ በማኅተም፣ በሁለት ቅጂ አገኘሁ። መልሱ እንዲህ ይላል፦ «አመልካች ዶሮውን በባህላችን መሠረት አሥራ ሁለት ቦታ ቢቆራርጡት በተፈቀደላቸው ሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ሊበስል የሚችል በመሆኑ፣ የተጨማሪ ጊዜ ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም።»

ፊዚክሱ ትክክል ነው። ሥጋ ሲያንስ ሙቀት ቶሎ ይገባዋል፤ የተቆረጠ እግርና ክንፍ በሃያ አምስት ደቂቃ እንደሚበስል ራሴ ሞክሬ አረጋግጫለሁ። ይህን ምክር የሰጠኝ ሰው ተማሪዬ ቢሆን ኖሮ ሙሉ ነጥብ እሰጠው ነበር። ታዲያ ለምን አልቆርጣትም?

ይህን በአቤቱታዬ ላይ አልጻፍሁትም፤ በማኅተም የሚመለስ ጉዳይ አልመሰለኝም ነበር። አሁን ግን ማኅተም ስላረፈበት፣ ጎረቤት ሁሉ እንዲያውቀው እጽፈዋለሁ።

በቤታችን ዶሮ ሲሠራ አሥራ ሁለቱም ብልት ባለቤት ነበረው። ፈረሰኛው የእኔ ነበር። ታፋው የሩቲ፣ መላላጫው የአማኑ ነበር። አማኑ ወንዱ ልጃችን ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት በገላን መንገድ በመኪና አደጋ አጣነው። ከዚያ በኋላ በመጣው የመጀመሪያ ፋሲካ አረጋሽ እንደ ወትሮዋ ዶሮዋን በየብልቷ ቆርጣ፣ ወጡን ሠርታ፣ ለእያንዳንዳችን ማውጣት ጀመረች። መላላጫው ላይ ስትደርስ ጭልፋው እጇ ላይ ቀረ። ለማን እንደምታወጣው አጣች። ድስቱን ከድና ተነሣች፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ዶሮ ቆርጣ አታውቅም፤ እስከ ዘንድሮ ግንቦት ድረስም ምንም ሥጋ አልቀመሰችም። እኔም ልቁረጥላት ብዬ ሞክሬ አውቃለሁ፤ የቢላዋውን ድምፅ ስትሰማ ከቤት ወጥታ ሄደች።

በግንቦት የመጀመሪያዋን ትንሽ ዶሮ ከኤር ፍራየሩ አውጥቼ፣ ሳልቆርጥ ሙሉዋን በሰሐን ላይ አቀረብሁላት። ሰሐኑን ዞር አድርጋ አየቻት። «ይህ የማን ድርሻ ነው?» አለችኝ። «ድርሻ የለውም፤ የሁለታችን ነው» አልኋት። በእጇ ቆርሳ በላች። በሚቀጥለው እሑድም በላች። በሦስተኛውም እሑድ በላችና ጨው አንሷል ብላ ተቆጣችኝ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ስለ ምግብ ስትቆጣኝ የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ ፊውዙ ተቃጠለ።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ በግንቦት አርባ አምስት ኪሎ ብላ የጻፈችውን የአረጋሽን ክብደት በዚህ ሳምንት አርባ ሦስት ብላ ጽፋዋለች። ነሐሴ 1 ቀን ፍልሰታ ይገባል። የንስሐ አባታችን እንዳትጾም ቢፈቅዱላትም እሷ ለራሷ እንደማትፈቅድ አውቃታለሁ። ከነገ ጀምሮ እስከዚያ ድረስ አሥራ ስምንት ቀን ይቀራል። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ኮሚቴው የሰጠኝ አምስት ተራዎች አሉ፤ አምስቱም ጾም ናቸው። እሑዶቹ ሦስት ናቸው። ድንች ስለ መጥበስ የሰጡኝን ምክር ያልዘነጋሁ መሆኔን እየገለጽሁ፣ ድንች አርባ ሦስትን አርባ አምስት እንደማያደርግ ግን በትሕትና አሳውቃለሁ።

ስለዚህ ነገ እሑድ ሐምሌ 13 ቀን ከስድስት ሰዓት እስከ ስድስት ከሃምሳ ዶሮ አበስላለሁ። የምጠቀምበት ጊዜ ከማንም የተሰረቀ እንዳይሆን ሠላሳውን ደቂቃ ወ/ሮ ራዲያ ሰጥታኛለች። ይህን የሰሙ ስምንት ቤቶች ደግሞ ከየተራቸው ሁለት ሁለት ደቂቃ ቀንሰው ሰጥተውኛል፤ ስማቸውና ፊርማቸው ከዚህ ደብዳቤ ጎን ተለጥፏል። ማንም አልለመንሁም። ኦቦ ጃራ ናቸው ከቤት ቤት እየዞሩ የነገሩት፤ ድስቱን እዩ ያላቸው ሳይኖር።

መመሪያው ሙሉ ተራ መልቀቅን ባይከለክልም ደቂቃ ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ የሚደነግግ መሆኑን አውቃለሁ። በስድስት ሰዓት ከሠላሳ ማጥፋት ግድ ከሆነም አልከራከርም። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ ኦቦ ጃራን አይዘዟቸው። እርስዎ ራስዎ ይምጡ። ማጥፊያው ከመስኮታችን ሁለት ሜትር ላይ ነው፤ አረጋሽ እጇን ታጥባ የምትቀመጥበት ወንበር ከዚያ በደንብ ይታያል። ለእርስዎም ሌላ ወንበር አወጣለሁ፤ ዝናብ ከመጣ ጃንጥላ አለኝ። ማጥፋቱን ከመረጡ ያጥፉ። ለመቆየት ከመረጡ ደግሞ ከእኛ ጋር ይቀመጣሉ፤ ዶሮዋ ስለማትቆረጥ ለሊቀ መንበር የሚገባውን ብልት ለይቼ ማቅረብ ባለመቻሌ ግን ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ለዓይንዎ ብርሃን፣ ለጫጩቶችዎ ላባ፣ ለማኅተምዎ የማይደርቅ ቀለም እየተመኘሁ፣ በተፈቀደልኝ ሠላሳ ደቂቃ ጨርሼ ልጽፈው ያልቻልሁትን ይህን ደብዳቤ ከታላቅ አክብሮት ጋር እዘጋለሁ።

ታዛዥዎና ጎረቤትዎ
ወንዳፍራሽ፣ የቤት ቁጥር 7

ድኅረ ጽሑፍ፦ ድምር እንደማያልፍዎ ስለማውቅ እርስዎ ሳይጠይቁ ልመልስ። የወ/ሮ ራዲያ ሠላሳ እና የስምንቱ ቤቶች አሥራ ስድስት አርባ ስድስት ነው፤ አራት ደቂቃ ይጎድላል። የጎደለችውን ትናንት ከሰዓት በኋላ ባለቤትዎ ወ/ሮ ጥሩወርቅ መጥተው ሰጥተውናል፤ ስማቸውን እንዳልደብቅ ያዘዙኝም እሳቸው ናቸው። ከየት እንደሚቀነስ ብጠይቃቸው «ከአምፖሎቹ» አሉኝ። እኔም አስልቼ፣ የእኔ አራት ደቂቃ ለአራቱ አምፖል ስድስት ደቂቃ እንደሚሆን ነገርኋቸው፤ ጫጩቶቹ እስከዚያ ተጠጋግተው ይሞቃሉ ብለዋል። ስለዚህ ነገ በስድስት ሰዓት ከሠላሳ ወደ ማጥፊያው ሲመጡ የጫጩት ቤትዎ ቀይ ብርሃን ጠፍቶ ቢያዩ፣ ፊውዝ የተቃጠለ እንዳይመስልዎ።